ላንድክሩዘር 80 ከፍ ላደርግ ነው፤ 4 ኢንች ወይስ 2?

መንገድ_ሲያልቅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ላንድክሩዘር 80 አለኝ። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ነው፤ ተርቦ የለውም። ካምቢዮው ማንዋል። ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል፣ አራቱም እግር ላይ ሞላ። ሞላዎቹ ከፋብሪካ የወጣባቸው ናቸው። የኋላዎቹ ደክመዋል፤ ትንሽ ዕቃ ሲጫንበት ቁጢጥ ይላል። ጎማው 265/75/16 ነው።

የምሄድበትን መንገድ ከባድ መኪና አርሶታል። ግራና ቀኝ የጎማ ቦይ፣ መሀሉ ጉብታ። ከሥር በየጊዜው ጉብታውን እየፋቀ ነው የሚያልፈው። ድንጋይ ሲያጋጥመው ድምፁን ስሰማ አንጀቴ ይቆረጣል።

ስለዚህ 4 ኢንች የሚያነሳ ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ ገዝቼ፣ ጎማውን 315/75/16 ላደርገው አስቤያለሁ። መኪናው የቤተሰብም ነው፤ አስፋልት ላይ ብዙ ይነዳል። ሌላ ምን መቀየር አለብኝ? 4 ይበዛል የሚሉኝ አሉ። ለምን እንደሚበዛ ግን በቅጡ ያስረዳኝ የለም።

ድንጋይ_ወዳጅ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። 80 ለዚህ ሥራ የተፈጠረ መኪና ነው። እኔ 4 ግባ ነው የምልህ። 2 ያስገባ ሰው ትንሽ ቆይቶ 4 ያምረዋል፤ ያኔ ሞላውንም ሾኩንም ሁለቴ ገዛ ማለት ነው። 315 ጎማ ደግሞ በ2 ኢንች ፓራፋንጎ ይበላል። አንዴ ቆርጠህ ግባበት።

ዝቅተኛ_ማርሽ

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉብታውን የሚነካው የትኛው ክፍል ነው? ከሥሩ ተኝተህ እይና አዲስ ጭረት ያለበትን ንገረን።

መንገድ_ሲያልቅ

አየሁት። የኋላው ዲፈረንሻል ሆዱ ላይ ነው። ቀለሙ ሄዶ ብረቱ ያብረቀርቃል። ሻንሲው፣ የካምቢዮው መያዣ፣ ታንከሩ ምንም አልሆኑም።

ዝቅተኛ_ማርሽ

እንግዲያው መልሱን መኪናህ ራሱ ነግሮሃል።

ሞላ የሚያነሳው ከሞላው በላይ ያለውን ነው። ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ቦዲውን። አክስሉ ከሞላው በታች ነው ያለው፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ የአክስሉ አካል ነው። 4 ኢንች አይደለም 10 ኢንች ብታነሳው፣ የዲፈረንሻሉ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊሜትር አይጨምርም። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። ጎማውም ግማሹን ነው የሚሰጥህ፤ አክስሉ ያለው መሀሉ ላይ ነዋ።

በቁጥር እንየው። ያንተ ጎማ ቁመቱ 804 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 285/75/16 ወደ 834 ይመጣል። 315/75/16 ደግሞ ወደ 879። ስለዚህ 285 ብታስገባ ዲፈረንሻልህ 15 ሚሊሜትር ይነሳል፤ 315 ብታስገባ 37። ልዩነቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ አልዋሽህም። ግን ምን እንደሚያስከትል አብረን እንይ።

ዋን ኤች ዜድ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ያለው። የማይሞት ሞተር ነው፤ ፈጣን ግን አይደለም። የዲፈረንሻልህ የጥርስ ሬሾ 4.10 ከሆነ፣ 315 ስታስገባ በተግባር 3.75 እንደገባለት ይሆናል። አቀበት ላይ በሦስተኛ ትወጣው የነበረውን በሁለተኛ ነው የምትወጣው። አምስተኛን ሜዳ ላይ ብቻ ነው የምታገኘው። ፍሪሲዮኑ ላይ ጫና ይመጣል። ይህን ለመመለስ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ መቀየር አለበት፤ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። 100 ሲያሳይህ 109 ትሄዳለህ። በ285 ከሆነ 104 ገደማ ነው። ያን ያህል አያስጨንቅም።

ፍሬኑም ያው የድሮው ፍሬን ነው። ጎማው ሲከብድና ሲተልቅ ለማቆም የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል።

ላንተ አጠቃቀም 2 ኢንች ሞላ፣ 285 ጎማ እላለሁ። ቦዩ ውስጥ ገብተህ ጉብታውን ከምትፍቅ ደግሞ አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን ከቦዩ ውጭ ባለው ጠርዝ ላይ አድርገህ ንዳ። በዚያ መንገድ ላይ ከማንኛውም ሞላ የበለጠ የሚረዳህ እሱ ነው።

የሻንሲ_ሐኪም

ልጆች፣ ስለ ኢንች ከመከራከራችሁ በፊት መኪናው ጤነኛ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

80 ከ1990 እስከ 1997 ባለው ጊዜ በብዙ አገር የተሸጠ መኪና ነው። ትንሹ እንኳ ዕድሜው ትልቅ ነው። በአሮጌ ጎሚኒና በተበላ ጫፍ ላይ አዲስ ሞላና ትልቅ ጎማ ስትጭንበት የተደበቀው በሽታ ሁሉ ይወጣል። ሰው ያኔ «ከፍ ካደረግሁት ወዲህ ተበላሸ» ይላል። ቀድሞም ተበላሽቶ ነበር።

እኔ መኪና ሲመጣልኝ ሥራ የምጀምረው በመዶሻ ነው። ትንሽ መዶሻ ይዤ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እመታዋለሁ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የዛገ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴ ቅርፊቱ ይረግፋል። ከኋላ ጎማ በላይ ሻንሲው የሚታጠፍበትን፣ የሞላ መቀመጫዎቹን፣ የሾክ መያዣዎቹን አደራ። ጭቃ እዚያ ገብቶ አይወጣም። ከዚያ የመሪው ማርሽ ሳጥን ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቦታ አጥበህ በባትሪ እይ። አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ይበልልህ፣ አንተ ከሥር ሁን። ሳጥኑ ከነብረቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይ ብሎኑ ላልቷል ወይ ብረቱ ተሰንጥቋል። ትልቅ ጎማ ስንጥቁን ያፋጥነዋል።

የፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስም ትታይ። ጥቁር ቅባትና ዘይት ተደባልቆ የሚወርድ ከሆነ የውስጥ ዘይት ማኅተሙ አልቋል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ዘይት የኳሱን ግሪስ እያጠበ ይወስደዋል። ከዚያ ኩሽኔታው ይሞታል።

በክሪክ አንሳና ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ነቅንቅ። ከዚያ ግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቅ። ላይና ታች ሲይዙት የሚጫወት ከሆነ የጎማ ወይም የኳሱ ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ የመሪ ዘንግ ጫፍ ነው።

ይህ ሁሉ ሲስተካከል ግማሹ መንገድ ተሄደ። አዲስ ሞላ ያኔ ይግባ።

መንገድ_ሲያልቅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ በመዶሻው እጀምራለሁ። የፊት ኳሱ በግራ በኩል ትንሽ ያዥጋል፤ እንደ ቀላል ነገር አይቼው ነበር። እርስዎ ቢሆኑ መጀመሪያ እሱን ያስፈቱት ነበር?

የሻንሲ_ሐኪም

አዎ ልጄ፣ መጀመሪያ እሱን። በአንድ በኩል ከፈታህ ሌላውንም ፍታ። ኩሽኔታ፣ ዘይት ማኅተም፣ ግሪስ በአንድ ጊዜ ይለወጥ።

የበረሃ_እህት

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ የፍሬኑን ቫልቭ።

ከኋላ አክስሉ ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። 80 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ታገኘዋለህ። ሥራው የኋላውን ጭነት መለካት ነው። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል፤ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋዋል፤ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ እንዳይቆልፍ።

አሁን 5 ሳንቲ ሜትር አነሳኸው እንበል። ሻንሲው ከአክስሉ ራቀ። ቫልቩ መኪናው ከባዶም በላይ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ሙሉ ቤተሰብ ከነዕቃው ጭነህ ቁልቁለት ስትወርድ የኋላው ፍሬን አነስተኛ ግፊት ነው የሚያገኘው። ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል፤ የፊት ሸራው ይግላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘንጉ አክስሉ ላይ የታሰረበትን መያዣ ባነሳኸው ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ብዙ ጋራዥ ይረሳዋል። ሥራው ሲያልቅ «ቫልቩስ?» ብለህ ጠይቅ።

የፍሬን ቱቦዎቹንም አትርሳ። መኪናውን በሻንሲው አንሳና አክስሉ ሙሉ በሙሉ ይንጠልጠል። የፍሬኑ ቱቦ ያኔ ተወጥሮ እንደ ክራር ክር ከሆነ አጭር ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙረህ ድገመው። መሬት ላይ ቆሞ ማየት ምንም አይነግርህም።

ሁለተኛው ነገር ካስተር ነው፤ ኩርባ ስትጨርስ መሪው ራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው የፊት አክስሉ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት። 80 ላይ የፊት አክስሉ በሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው የተያዘው። መኪናው ከፍ ሲል ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ አክስሉም አብሮ ወደ ፊት ይንከባለላል። ከፋብሪካ ወደ 3 ዲግሪ ካስተር ነበረው። በየኢንቹ ወደ አንድ ዲግሪ ታጣለህ ብለህ አስብ። በ2 ኢንች ትንሽ ይተርፍሃል። በ4 ኢንች ከዜሮ በታች ነህ።

ይህ እጅህ ላይ እንዴት እንደሚሰማህ ልንገርህ። ኩርባ ጨርሰህ መሪውን ስትለቀው አይመለስም፤ ባለበት ይቀራል። አስፋልት ላይ መኪናው ይቅበዘበዛል፤ ያለ ማቋረጥ ታስተካክለዋለህ። ከኋላ ልጆች ተኝተው በ90 ስትሄድ እንደዚያ ያለ መሪ መያዝ ምን ያህል እንደሚያደክም የያዘው ያውቀዋል። ለ2 ኢንች የክንዱን ጎሚኒ ቀዳዳው ከመሀል በወጣ ጎሚኒ ትቀይራለህ፤ ወደ 2 ዲግሪ ይመልስልሃል። ለ4 ኢንች ያ አይበቃም፤ ክንዱ ራሱ መቀየር ወይም በማስተካከያ ሳህን አዲስ ቀዳዳ ማግኘት አለበት።

ድንጋይ_ወዳጅ

እህቴ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ቢሆንም 4 ኢንች ከንቱ ነው እንዳይባል የሱንም ጥቅም ልናገር።

ሁሉም ነገር ዲፈረንሻል አይደለም። ድንጋይ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነካው የፊት ፓራውርቲ ነው። ሲወርድ የኋላው። ጉብታ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ በር ሥር ያለው ጠርዝ። እነዚህን ሞላ ያነሳቸዋል። 80 ከአክስል እስከ አክስል 2850 ሚሊሜትር ነው። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ሆዱን ሳይመታ የሚያልፈው ጉብታ በግምት 4 ዲግሪ ይጨምራል። በ10 ሳንቲ ሜትር 8 ነው። ድንጋይ ላይ 8 ዲግሪ በማለፍና በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት ነው። እኔ የምነዳው ደረጃ በደረጃ የሆነ ድንጋይ ላይ ነው፤ ለእኔ 4 ይገባኛል፤ ክንዱንም፣ ፕሮፔለር ሻፍቱንም፣ ጥርሱንም አብሬ ቀይሬያለሁ። መኪናዬ ግን ቤተሰብ አይጭንም።

የመንገድ_ሲያልቅ መንገድ ቦይና ጉብታ ከሆነ፣ የሚፋቀውም ዲፈረንሻል ብቻ ከሆነ፣ እኔም በ2 እስማማለሁ።

ዝቅተኛ_ማርሽ

ይህን ስላልክ ደስ አለኝ። አንድ ልጨምርበት፤ የጎን ዘንበል።

ለምሳሌ ያህል፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሹ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከልም ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በወረቀት ላይ መኪናው የሚገለበጠው 45 ዲግሪ ላይ ነው። ማዕከሉን 10 ሳንቲ ሜትር አንሳው፤ ወደ 41.6 ይወርዳል። በእውነተኛው መንገድ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው የሚሆነው። የቁልቁለቱ በኩል ያለው ሞላ ይተኛል፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነው ይጎትታል፣ ጎማው ጉድጓድ ይገባል። ለዚህ ነው ከፍ ባለ መኪና ላይ ጀሪካንና መለዋወጫ ጎማ ጣሪያ ላይ ሲጫን ሳይ የምጨነቀው። ከባዱን ነገር ወለል ላይ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ እሰረው።

ባለ_ባሌስትራ

ወሬውን ለመጥለፍ አይደለም፤ እኔ ላንድክሩዘር 60 ነው ያለኝ፣ አራቱም ባሌስትራ። አንድ መካኒክ «የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ላስረዝምልህ፣ በርካሽ ከፍ ይላል» አለኝ። ላድርገው?

ዝቅተኛ_ማርሽ

አታድርገው። ማንጠልጠያውን 2 ኢንች ስታስረዝም የምታገኘው 1 ኢንች ነው፤ የባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ነዋ የሚወርደው። 60 ላይ የፊቱ ማንጠልጠያ ከአክስሉ ፊት ነው። ያ ጫፍ ሲወርድ አክስሉ ወደ ፊት ይንከባለላል፤ ካስተር ትበላለህ። ረጅም ማንጠልጠያ ወደ ጎንም ይወላገዳል።

በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ብረት ማስገባትም አለ። ከፊት በፍጹም እንዳትሞክረው። ፍሬን ስትይዝ ያ ብረት ተንሸራቶ የወጣ ዕለት መሪ የለህም። ትክክለኛው መንገድ ከነቅስቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ነው። በባሌስትራ መኪና ካስተር የሚስተካከለው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በሚገባ ሽብልቅ ነው፤ ከብረት የተሠራውን ምረጥ፣ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ዩ ብሎኖች አዲስ አድርጋቸው። አንዴ ጠብቀው የተዘረጉ ብሎኖች ሁለተኛ አይታመኑም።

የሻንሲ_ሐኪም

እኔም ይህንኑ ነው የምለው። ማንጠልጠያ ማስረዘም ብየዳ ለሚያውቅ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያቀርቡልህ።

ቶርሽን_ባር

የፊቱ በቶርሽን ባር፣ ማለትም በሞላ ፈንታ በሚጠመዘዝ ዘንግ የተያዘ ሀይሉክስ ላላቸውም በአጭሩ፦ ባሩን በማጥበቅ ፊቱ ይነሳል። ነገር ግን አዲስ ሞላ አላገኘህም፤ ያለውን ነው ወደ ጫፉ የገፋኸው። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል፤ በየጉድጓዱ መውረዱን ከሚገድበው ማቆሚያ ጋር ይጋጫል። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግም አንግሉ ይከፋል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል። ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

አሸዋ_ለስላሳ

የጎማ ንፋስ ማንም አላነሳም!

35 ፒ.ኤስ.አይ. ይዘህ የምታልፈውንና 20 አድርገህ የምታልፈውን መንገድ አወዳድር። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው ርዝመቱ ላይ ይተኛል፤ መሬት የሚይዝበት ቦታ ይረዝማል። አሸዋ ላይ አይሰምጥም፣ ድንጋይ ላይ አይዘልም፣ ውስጥ ያለውም ሰው አይናጥም። የሚፈልገው መለኪያና ትንሽ መጭመቂያ ነው። ንፋስ የቀነሰ ጎማ ይዘህ ግን በፍጥነት አትንዳ፣ መሪም በድንገት አትስበር፤ ከቸርኬው ይወጣል። አስፋልት ላይ ስትደርስ ወዲያው ሙላው።

ከሞላው በፊት ይህን ሞክር። ምናልባት የምትፈልገው ግማሹ እዚህ አለ።

መንገድ_ሲያልቅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ። የፊት ኳሶቹ መጀመሪያ ይፈታሉ። የመሪው ሳጥን ይታያል። ከዚያ 2 ኢንች ሞላ፣ ልኩ የሆነ ሾክ፣ ካስተር የሚመልስ ጎሚኒ፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ፣ የቫልቩ መያዣ። ጎማው 285።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሻጩ ሦስት ዓይነት የኋላ ሞላ አለ አለኝ፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ጭነት። ለጥንቃቄ ከባዱን ልውሰድ?

ዝቅተኛ_ማርሽ

አይ። ሞላ የሚመረጠው በዓመት አንዴ በሚጫነው አይደለም፤ ሁልጊዜ መኪናው ላይ በሚኖረው ነው። ለ300 ኪሎ የተሠራ ሞላ ላይ ባዶ መኪና ስታስቀምጥ 2 ኢንች የተባለው 3 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ካስተሩም፣ የፕሮፔለር ሻፍቱ አንግልም ካሰብከው ያልፋል። ጎማው ጉድጓድ አይከተልም፤ ይዘላል። የዘለለ ጎማ አይጎትትም።

ከኋላ የዕቃ መሳቢያና ሁለተኛ ታንከር ከሌለህ፣ ከፊትም ዊንች ከሌለ፣ ቀላሉን ወይም መካከለኛውን ውሰድ። ለረጅም ጉዞ ጭነት ከበዛብህ ሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት አለ፤ ስትጭን ትነፋዋለህ፣ ስታወርድ ታስተነፍሰዋለህ።

የበረሃ_እህት

ሲገጠም እዚያው ቁም። የክንዶቹ የጎሚኒ ብሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ እያለ እንዳይጠብቁ። ጎሚኒው በዚያ አንግል ይታሰርና መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሳይቆይ ይቀደዳል። መጀመሪያ ሁሉም ላላ ብሎ ይግባ፤ መኪናው በጎማው ይቁም፤ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ይነዳ፤ ያኔ ይጥበቅ።

ከዚያ አክስሉ መሀል መሆኑን ለካ። ከጎን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ በአንድ በኩል ሻንሲው ላይ፣ በሌላው አክስሉ ላይ ነው የታሰረው። ሻንሲው ሲነሳ አክስሉን ወደ ሻንሲው ማሰሪያ በኩል ይስበዋል። በ2 ኢንች ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ካሳሰበህ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ አለ።

የሻንሲ_ሐኪም

ጎማው ሲገባም አንድ ሥራ አለ። በአንድ የፊት እግር ሞላውን አውጥታችሁ አክስሉን እስከ ላይኛው ላስቲክ ማቆሚያ ድረስ በክሪክ ግፉት። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ሻንሲውን፣ የፍሬን ቱቦውን ይነካ እንደሆነ ያኔ ታዩታላችሁ። ሾኩም ከላስቲኩ ቀድሞ መጨረሻው ላይ መድረስ የለበትም፤ ከደረሰ ማቆሚያውን አስረዝሙ።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከነዳህ በኋላ ሁሉንም ብሎንና ዳዶ በቁልፍ ዳስሰው። መጀመሪያ የመሪውን ሳጥን።

መንገድ_ሲያልቅ

እሺ ጋሼ። ኳሱ ሲፈታ ፎቶ እለጥፋለሁ።